ከመስክ ወደ መስኮት፦ የትግል ጨዋታ ከላስታ ደጋ እስከ እንግሊዝ ቴሌቪዥን

በላስታ ደጋ አዝመራው ተወቅቶ ወደ ጎተራ ሲገባና ማሳው ለከብት ሲለቀቅ፣ እረኛው ዓመቱን ሙሉ ያላገኘውን ሰፊ ሜዳ ያገኛል። በዚህን ጊዜ ሁለት ጨዋታዎች ይነሣሉ፤ አንደኛው በበዓሉ ስም የሚጠራው የገና ጨዋታ ሲሆን ሁለተኛው ትግል ነው። ሁለቱም ከጉልበትና ከብልሃት በቀር የሚጠይቁት መሣሪያ እምብዛም የለም። ለገናው ጫፉ የቆለመመ ዱላና ከእንጨት የተጠረበ እሩር ወይም ከጠፍር የተሰፋ ጥንግ ይበቃል፤ ለትግሉ ግን ሁለት ሰውና ለስላሳ መሬት ብቻ ይበቃሉ።

ጨዋታ በተጫወቱትና በዙሪያቸው በቆሙት ሰዎች መካከል ሲቀር አንድ ነገር ነው፤ ከሩቅ ሆኖ በቴሌቪዥን መስኮት ለሚመለከት ሕዝብ ሲቀርብ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ይህ ለውጥ ምን ምን እንደሚያተርፍና ምን ምን እንደሚያጠፋ ለማወቅ የሚሻ ሰው፣ ትግልን ለ33 ዓመታት በቴሌቪዥን ሲያሳይ ከኖረው ከእንግሊዝ አገር የበለጠ ምሳሌ በቀላሉ አያገኝም። የእንግሊዙ ታሪክ ከላስታ የራቀ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ቀርበው ሲመረምሩት ሁለቱ ታሪኮች ከአንድም ሁለት ጊዜ ተገናኝተዋል።

ጨዋታው በአገሩ

የገናን ጨዋታ አመጣጥ በተመለከተ ከአባቶች ሲወርድ የመጣው ትረካ የታወቀ ነው። በቤተ ልሔም ዙሪያ መንጋቸውን ይጠብቁ የነበሩ እረኞች የልደቱን የምሥራች በሰሙ ጊዜ ከደስታቸው የተነሣ በያዙት በትር እሩር እየመቱ ተጫወቱ ይባላል። ስለሆነም ጨዋታው የእረኛ ጨዋታ ነው፤ የእረኛም ጨዋታ በመሆኑ በዚያን ዕለት የጌታና የሎሌ ልዩነት ይሻራል። በሌላ ቀን ቀና ብሎ የማያየውን ባለርስት፣ ሎሌው በገና ዕለት ቅልጥሙን ቢመታው አይቀጣም።

ሰልፉ የሚከፈለው በላይ ቤትና በታች ቤት፣ በወንዝ ማዶና በወንዝ ማዶ ነው። የተጫዋቹ ቁጥር ያልተወሰነ፣ የሜዳውም ዳር ድንበር በስምምነት ብቻ የሚታወቅ ነበር። ተጋጣሚውም ባዕድ አይደለም፤ አማች፣ የአበ ልጅ ወንድም፣ ወይም በማግስቱ በደቦ አብሮ የሚያጭድ ጎረቤት ነው። ጨዋታው ሲያበቃ ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን በግጥም ይሳደባል። ስድቡ የተጋነነ ነው፤ የሚሳደበውም የሚሰደበውም የተጋነነ መሆኑን ያውቃሉ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፤ ይኸውም ስድቡ የጨዋታ ሲሆን ውጤቱ ግን የእውነት መሆኑ ነው።

ትግሉም እንደዚሁ ነው። ሁለት ጎረምሶች ተያይዘው አንደኛው ሌላውን ጠልፎ ወይም አንሥቶ ጀርባውን ከመሬት ካገናኘው ነገሩ ያበቃል። ዳኛው የቆመው ሰው ሁሉ ነው። ከመጠን ያለፈ እንደሆነ ሽማግሌ ገብቶ ይገላግላል። ፈረንሳዊው የባህል ተመራማሪ ማርሴል ግሪዮል እ.ኤ.አ. በ1935 ስለ ሐበሻ ጨዋታዎች ራሱን የቻለ መጽሐፍ ማሳተሙ፣ እንዲህ ያለው የሜዳ ጨዋታ ለጥናት የሚበቃ ቁም ነገር ያለው መሆኑን ያመለክታል።

ቃሉ ራሱ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። «ትግል» በእረኛው አፍ የጎረምሶች ጨዋታ ስም ነበር። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በተማሪዎች እንቅስቃሴ፣ ከ1966ቱ አብዮት በኋላም በጋዜጣና በአደባባይ ጽሑፍ «የመደብ ትግል» እየተባለ ሲነገር፣ «ታጋይ» የሚለው ቃል ባላጋራውን ጠልፎ የሚጥለውን ጎረምሳ ማመልከቱ እየቀረ መሣሪያ ያነገበውን ሰው ወደ ማመልከት ዞረ። ዛሬም ስለ ጨዋታው የሚጽፍ ሰው «ባህላዊ ትግል» ብሎ መለየት ግድ ይሆንበታል።

ከበግ ጠባቂ እስከ አዳራሽ

በእንግሊዝ አገርም ትግል ያደገው በእረኛና በማዕድን ቆፋሪ ዘንድ ነው። በሰሜን ምዕራብ በሚገኘው በከምበርላንድና በዌስትሞርላንድ ተራራማ አገር ትግለኞቹ ደረት ለደረት ተገጥመው፣ አገጫቸውን በባላጋራቸው ቀኝ ትከሻ ላይ አሳርፈው፣ እጃቸውንም ከጀርባው ቆልፈው ይታገላሉ። ከእግሩ በቀር ሌላው አካሉ መሬት የነካ ወይም የቆለፈው እጁ የተላቀቀበት ይሸነፋል። ከዚያ በስተደቡብ በላንክሻየር የከሰል ማዕድን ቆፋሪዎች ዘንድ ደግሞ ከየትም የአካል ክፍል መያዝ የሚፈቅድ ከባድ ትግል ነበረ። በዊጋን ከተማ ቢሊ ራይሊ የተባለው አሠልጣኝ ያቋቋመውና «የእባብ ጉድጓድ» የሚል ቅጽል የወጣለት ማሠልጠኛ የዚህ ሙያ ዋና ቤት ነበር።

ይህ ሙያ ወደ አዳራሽ ገብቶ ትኬት የሚሸጥበት ትዕይንት የሆነው ከ1930 እ.ኤ.አ. በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ የገባው «ሁሉም የተፈቀደበት» ትግል ወንበር እስከ መወራወር ደረሰ፤ በ1930ዎቹ መጨረሻም የለንደን አስተዳደር ምክር ቤት በከተማው እንዳይታይ ከለከለው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ነገሩ እንደገና መልክ ያዘ። በ1947 በአድሚራል ሎርድ ማውንቴቫንስ ስም የሚጠራው ኮሚቴ የክብደት ደረጃና የጨዋታ ደንብ አወጣ። ሎርዱ በወጣትነቱ ከካፒቴን ስኮት ጋር ወደ ደቡብ ዋልታ የዘመተ ስመ ጥር ባሕረኛ በመሆኑ ስሙ ለጨዋታው ክብር ሰጠው። በ1952 ደግሞ ዋና ዋናዎቹ አዘጋጆች «ጆይንት ፕሮሞሽንስ» በሚል ማኅበር ተባብረው ገበያውን በእጃቸው አስገቡ። ቴሌቪዥን ሲመጣ የጠበቀው እንግዲህ ደንብ ያለው፣ አዘጋጅ ያለው፣ አዳራሽም ያለው የተሰናዳ ዕቃ ነበር።

የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ

በማስታወቂያ ገቢ የሚተዳደረው የእንግሊዝ ነፃ ቴሌቪዥን፣ በአጭሩ አይ ቲ ቪ፣ በመስከረም 1955 እ.ኤ.አ. ሥራውን ጀመረ። ሁለት ወር ሳይሞላው፣ ኅዳር 9 ቀን፣ ከምሥራቅ ለንደን ከዌስት ሃም መዋኛ ቤት የመጀመሪያውን የትግል ውድድር በቀጥታ አሳየ። ነገሩ ከቴሌቪዥን ጋር የተስማማበት ምክንያት ግልጽ ነው። የእግር ኳስ ሜዳ ሰፊ ስለሆነ የዚያን ዘመን ትንሽ መስኮት አይሞላበትም፤ የትግሉ መድረክ ግን ጠባብ ነው፣ መብራቱም ከላይ የተሰበሰበ ነው፣ ሁለት ካሜራ ይበቃዋል፤ የሕመሙና የቁጣው ፊት በቅርብ ይታያል። ወጪው አነስተኛ ሲሆን ሰዓቱም የታወቀ ነው።

እ.ኤ.አ. ከጥር 2 ቀን 1965 ጀምሮ ትግሉ «ወርልድ ኦቭ ስፖርት» በተባለው የቅዳሜ ፕሮግራም ውስጥ በአሥር ሰዓት ገደማ፣ የእግር ኳስ ውጤት ከመነገሩ በፊት ይቀርብ ጀመር። የኬንት ዋልተን ድምፅ ከ1955 እስከ 1988 እ.ኤ.አ. ከዚህ ትዕይንት ሳይለይ ቆየ። በጥቁር ቁምጣው የታወቀው ሚክ ማክማነስ በዳኛ ጀርባ ደንብ እየጣሰ ሕዝቡን ያስቆጣ ነበር፤ ባላጋራው ጃኪ ፓሎ ፀጉሩን በሪባን አሥሮ እየተጀነነ ይገባል። ጭምብል ለብሶ የማይናገረው ኬንዶ ናጋሳኪ እ.ኤ.አ. በ1977 በዎልቨርሃምፕተን አዳራሽ በራሱ ፈቃድ ጭምብሉን ሲያወልቅ አገር ተመለከተው። በአዳራሹ ፊት ለፊት የሚቀመጡ አሮጊቶች ክፉውን ትግለኛ በቦርሳና በጃንጥላ ይደበድቡት ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ለኢትዮጵያ አንባቢ የሚደንቀው አንድ ቀን አለ። ማክማነስና ፓሎ እ.ኤ.አ. በ1963 የገጠሙት በእንግሊዝ የእግር ኳስ ዋንጫ ፍጻሜ ዕለት፣ ከጨዋታው በፊት ነበር። ቀኑ ግንቦት 25፣ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዕለት በአዲስ አበባ የአፍሪካ መሪዎች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር ይፈርሙ ነበር። የእንግሊዝ ሕዝብ የትግለኞቹን ግጥሚያ በቴሌቪዥን ሲመለከት ኢትዮጵያ ገና መደበኛ የቴሌቪዥን ጣቢያ አልነበራትም።

የትግሉ ውጤት አስቀድሞ የሚሰናዳ መሆኑን የሚጠረጥሩ ከመጀመሪያውም ነበሩ። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሮላን ባርት እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው መጽሐፉ ትግሉ ስፖርት ሳይሆን ትዕይንት መሆኑን፣ ተመልካቹም የሚሻው የፍትሕና የበደል ምስል እንጂ እውነተኛ ውጤት አለመሆኑን ገለጸ። ጃኪ ፓሎ ራሱ በ1985 ባወጣው መጽሐፍ የመድረኩን ምሥጢር ሲገልጥ የሙያ ጓደኞቹ ተቀየሙት። ነገር ግን ጨዋታውን የጎዳው የምሥጢሩ መውጣት ብቻ አልነበረም። ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ አዘጋጆቹ ብልሃተኛውን ትግለኛ ወደ ጎን ትተው ግዙፉን ሰው ወደ ፊት አመጡ። «ቢግ ዳዲ» የተባለው ሸርሊ ክራብትሪና «ጃይንት ሄይስታክስ» የተባለው ማርቲን ሩዌን በሰኔ 1981 በዌምብሌ አዳራሽ ሲገጥሙ ሕዝቡ ጎረፈ። ሁለቱ ሰዎች ከነበራቸው ክብደት የተነሣ ግጥሚያው ብዙ ብልሃት የሚታይበት ሊሆን አይችልም ነበር፤ ለመስኮቱ ግን ሆድ ለሆድ መጋጨታቸው ይበቃ ነበር። በዊጋን የሠለጠኑት እንደ ቢሊ ሮቢንሰንና ካርል ጎች ያሉት ጠበብት ሙያቸውን ይዘው ወደ ጃፓን ዘለቁ፤ ትምህርታቸውም በዚያ ሥር ሰደደ።

በነሐሴ 1987 እ.ኤ.አ. በግሬት ያርማውዝ ከተማ ማልኮም ከርክ የተባለው ትግለኛ ቢግ ዳዲ በላዩ ከወደቀ በኋላ መድረክ ላይ ሞተ። ሰውየው የልብ ሕመም እንደነበረበት በምርመራ ታወቀ። የተሰናዳ ነው በተባለው ጨዋታ ውስጥ የወደቀው አካል ግን የእውነት አካል ነበር። «ወርልድ ኦቭ ስፖርት» ከመስከረም 1985 ወዲህ ቀርቶ ስለነበር ትግሉ ለብቻው እየታየ ጥቂት ቆየ። በመጨረሻ የአይ ቲ ቪ ስፖርት ኃላፊ የነበረው ግሬግ ዳይክ፣ ትዕይንቱ የአሮጌ ዘመን ሽታ ያለውና ለማስታወቂያ ሰጪዎች የማይስብ ነው በማለት አስወገደው። የመጨረሻው ፕሮግራም ታኅሣሥ 17 ቀን 1988 እ.ኤ.አ. ታየ። ተመልካች ገና በሚልዮን የሚቆጠር ነበር፤ ነገር ግን የጨዋታው ዕድሜ በተጫዋቹና በተመልካቹ ሳይሆን በአንድ ቢሮ ውሳኔ የተንጠለጠለ ነበር። በከምበርላንድ ተራራ ያለው የእረኞች ትግል ግን በቴሌቪዥን ስላልኖረ በቴሌቪዥን አልሞተም፤ ዛሬም በግራስሚር የበጋ በዓል ላይ ይታገሉታል።

ቴሌቪዥን በኢትዮጵያና የወሎ ስም

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መደበኛ ሥርጭቱን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። ስቱዲዮው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። በሥራው የረዳው የእንግሊዙ የቶምሶን ድርጅት ነበር። ይኸው ድርጅት በእንግሊዝ አገር የስኮትላንድ ቴሌቪዥን ባለቤት ሲሆን፣ ያ ጣቢያ ደግሞ ትግሉን ከሚያሠራጨው ከአይ ቲ ቪ መረብ አንዱ ክፍል ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከተከፈተ ከሁለት ወር በኋላ «ወርልድ ኦቭ ስፖርት» በለንደን ተጀመረ። ሁለቱ እንግዲህ እኩዮች ናቸው ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ሥርጭቱ ለረጅም ጊዜ ከርእሰ ከተማው ብዙም ያልራቀ ስለነበር ላስታ ቴሌቪዥንን ከማየቱ በፊት ቴሌቪዥን ወሎን አየ። ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. ጋዜጠኛው ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ የተነሣውን ረኀብ የሚያሳየውን ፊልም በዚያው በአይ ቲ ቪ አቀረበ። ቅዳሜ ከሰዓት ትግል የሚመለከተው ሕዝብ በዚያ ሐሙስ ማታ፣ በዚያው መስኮት፣ የወሎን ገበሬ ሬሳ ተመለከተ፤ ርዳታም አሰባሰበ።

ይህ ፊልም ወደ አገሩ ሲመለስ የሆነው ነገር ለባለሙያ ትምህርት ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፣ ደርግ ፊልሙን ከቤተ መንግሥት ግብዣና ከንጉሡ ውሾች ምስል ጋር አፈራርቆ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። ረኀቡ እውነት ነበር፤ ግብዣውም እውነት ነበር። አሰላለፉ ግን በአቀናባሪው እጅ የተሠራ ነበር፤ በዳይና ተበዳይ በአንድ መድረክ ላይ ፊት ለፊት እንዲቆሙ ተደረገ። ተመልካቹም እንደ ትግሉ ተመልካች ማን እንደሚወድቅ አስቀድሞ እንዲያውቅ ሆነ። በማግስቱ ንጉሡ ከቤተ መንግሥት ተወሰዱ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢ ቢ ሲ የታየው የኮረም ምስል ደግሞ ዓለምን አነቃነቀ። ላስታና ዋግ በዚያ ረኀብ ክፉኛ ከተጎዱት አውራጃዎች መካከል ነበሩ። ለዓለም ሕዝብ ግን የዚያ ደጋ ሰው ስም የለውም፤ ተጫዋችነቱ፣ ገጣሚነቱ፣ ቀዳሽነቱ በመስኮቱ አልታየም፤ የታየው ረኀቡ ብቻ ነው።

ደንብና ጨዋታ

ባህላዊ ጨዋታዎችን ከመጥፋት ለማዳን በኢትዮጵያ የባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ተቋቁሞ ገናን፣ ትግልን፣ ገበጣን፣ ፈረስ ጉግስን፣ ፈረስ ሸርጥን፣ ቡብን፣ ኩርቦን፣ ሻህን፣ ቀስትንና ሌሎችንም በየክልሉ ቡድኖች መካከል ያወዳድራል። ለዚህም ሲባል ደንብ ተጽፏል፤ ለትግሉ የክብደት ደረጃ፣ ለገናው የሜዳ ልክና የተጫዋች ቁጥር ተወስኗል። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ያለ ደንብ የአፋር ልጅና የላስታ ልጅ ሊገናኙ አይችሉም፤ ያለ ዳኛም ቅልጥም ይሰበራል። ይሁን እንጂ ማውንቴቫንስ ለእንግሊዝ ትግል ያደረገለት ይህንኑ ነበር፤ የተከተለው ግን የአዘጋጅና የመስኮት ዘመን ነው።

በሌላ በኩል የከተማው ወጣት «ሬስሊንግ» እያለ የሚጠራውን የአሜሪካ ትዕይንት ቀድሞ በቪዲዮ ቤት፣ ኋላም በዲሽ እየተመለከተ አድጓል። የባህላዊው ትግል በመስኮት የሚያገኘው ጊዜ ከዚህም ከእግር ኳስም ጋር የሚወዳደር አይደለም። ከዚህ የተነሣ ጨዋታውን «ለቴሌቪዥን እንዲመች» አሳምሮ የማቅረብ ፈተና ይመጣል። አልባሳቱ ይደምቃል፣ ሰዓቱ ያጥራል፣ ግዙፉ ይመረጣል። ከእንግሊዝ የተገኘው ትምህርት ግን ይህ መንገድ ጨዋታውን ለጊዜው እንደሚያገንነውና ሥሩን እንደሚያደርቀው ነው።

ላሊበላ በመስኮት

የላሊበላ የገና በዓል በቅርብ ዓመታት በቀጥታ ሥርጭት ከሚታዩት ታላላቅ በዓላት አንዱ ሆኗል። በቤተ ማርያም ዙሪያ በማሜ ጋራ በሚቀርበው የቤዛ ኩሉ ሥርዓት፣ ካህናቱ ከላይና ከታች ተሰልፈው ያሸበሽባሉ፤ የላይኞቹ የመላእክት፣ የታችኞቹ የኖሎት ምሳሌ ናቸው። ይህም አስቀድሞ የተሰናዳ ነው፤ ምሳሌ መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ማንም አላሸነፈም ማንምም አልወደቀም። የመንደሩ የገና ጨዋታ ደግሞ ስድቡ ምሳሌ ሆኖ ውጤቱ እውነት ነው። የእንግሊዙ ትግል ያስቸገረው ምሳሌውን እውነት ነው ብሎ መሸጡ ነው። ሦስቱን መለየት የባለሙያ ግዴታ ነው።

በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ ደረሰ፤ ከተማዋ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ዳግም በመንግሥት ኃይሎች እጅ ገባች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የገና በዓል በዋለ ጊዜ የኤሌክትሪክ መሥመሩ ገና አልተጠገነም ነበር። የከተማው ሰው መስኮቱ ጨልሞበት ሳለ ሥርዓቱ ግን አልተቋረጠም፤ ካህናቱ በቦታቸው ቆሙ፣ ምእመናኑም ተሰበሰቡ። በቴሌቪዥን የሚኖረውና በሕዝብ ውስጥ የሚኖረው የሚለዩት እንዲህ ባለው ዓመት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ፍሬ ነገር ቴሌቪዥን ይራቅ የሚል አይደለም። ካሜራው በብልቃጥ ያልተያዘውን ሁሉ ሊያቆይ የሚችል መሣሪያ ነው። የላስታ የትግል አያያዝ ስሞች፣ የየወንዙ የሜዳ ስምምነት፣ የላይ ቤትና የታች ቤት የስድብ ግጥም በሽማግሌዎች አንደበት ያሉ ናቸው፤ ሽማግሌዎቹም እያለፉ ነው። የስፖርት መምህሩ፣ የታሪክ ባለሙያውና የቴሌቪዥን ሠራተኛው በአንድነት ወደ ሜዳው ቢወጡ፣ ጨዋታው በራሱ ቀን፣ በራሱ ዳኛ፣ በራሱ ርዝመት ሳለ ቢቀርጹት ለትውልድ የሚተርፍ ሥራ ይሆናል። ካሜራው ምስክር ይሁን፤ ዳኛ ከሆነ ግን የሚወድቀው ጨዋታው ነው። የእንግሊዝ አዘጋጆች ይህን ያስተዋሉት ብልሃተኞቹ ከሄዱ በኋላ ነበር። በላስታ ግን ብልሃቱን የሚያውቁ ሰዎች ገና አሉ፤ አዝመራውም በየዓመቱ ተሰብስቦ ሜዳው በየዓመቱ ይለቀቃል።